ዝናቡን ማን አዘነበው?
ልጆቻችን፣ የውሃ ዑደት ትምህርትና የእኛ መልስ

ምስጋና ሁሉ ሰማይን አዝንቦ የደረቀችን ምድር ለሚያለመልመው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉት ሁሉ ላይ ይስፈን።



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን «ይህ ደግሞ ለዚህ ዓምድ የሚሆን ነገር ነው?» ሊያሰኛችሁ ይችላል። ጉዳዩ የውሃ ዑደት ነው። ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፀሐይ፣ ባሕር፣ ደመናና ተራራ ስለው፣ በቀስት ምልክት እያያያዙ በደብተራቸው ይዘውት የሚመጡት ትምህርት ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሥዕሉን አይተን «ጎበዝ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን በሥራ ቀናት ሳይንስ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመድረሳ ሕፃናትን የማስተምር እንደ መሆኔ መጠን፣ በዚህች ትንሽ ሥዕል ዙሪያ የልጆቻችን ኢማን የሚጠነክርበትም የሚሰነጠቅበትም አጋጣሚ እንዳለ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ከልጆች ዘንድ ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ክፍሉ ይለያይ፣ ዓመቱ ይለያይ፣ ጥያቄው አይቀርም። «ኡስታዝ፣ ዝናብ የሚያዘንበው አላህ ነው ወይስ ደመና?» ይላሉ። ደፈር ያለው ደግሞ ይጨምርና «እናቴ አላህ ነው የሚያዘንበው ትላለች፤ ቲቸር ደግሞ የባሕር ውሃ ተንኖ ነው ብለውናል። ማንኛቸው ናቸው ትክክል?» ይላል። ልብ በሉ! ይህ ሕፃን የጠየቀው ስለ ዝናብ ብቻ አይደለም። በእናቱና በመምህሩ መካከል ምረጥ የተባለ መስሎት ተጨንቆ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እንመልስለታለን? ብዙውን ጊዜ ከሁለት የተሳሳቱ መልሶች አንዱን ነው የምንሰጠው።

የመጀመሪያው «ዝም በል፣ ይህ አይጠየቅም» የሚለው ነው። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። አንድ አባት ለልጁ «ለፈተናው እንደ መጽሐፉ ጻፍ፤ በልብህ ግን አትመነው» ብሎ እንደ መከረው ልጁ ራሱ ነግሮኛል። አባትየው ይህን ያለው ዲኑን ከመውደዱ የተነሳ ነው፤ በኒያው አልጠረጥረውም። ነገር ግን ሳያውቀው ለልጁ ያስተማረው በእጁ አንድ ነገር እየጻፈ በልቡ ሌላ እንዲይዝ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ልቡን ለሁለት መክፈል የለመደ ልጅ ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከሁለቱ ግማሾች አንዱን ይጥላል። የትኛውን እንደሚጥል ማን ዋስትና ይሰጠናል?

ሁለተኛው የተሳሳተ መልስ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣው ነው። «ድሮ ሰዎች ስለማያውቁ አምላክ አዘነበ ይሉ ነበር፤ አሁን ግን ምክንያቱ ታውቋል» የሚለው ነው። ይህም መንገዱን ስላወቀ ብቻ መንገዱን የዘረጋው የለም እንደ ማለት ነው። የዳቦውን አሠራር፣ የእርሾውንና የምጣዱን ሥራ ጠንቅቆ ያወቀ ልጅ «እንግዲያው ይህን ዳቦ እናቴ አልጋገረችውም» ብሎ ቢደመድም ማናችንም አዋቂ አንለውም።

ወንድሞችና እህቶች! ቁርኣንን የከፈተ ሰው እነዚህ ሁለት መልሶች ምን ያህል ከመንገድ የወጡ እንደሆኑ ወዲያው ይረዳል። አላህ (ሱ.ወ.) «አዘነብኩ» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ እንዴት እንደሚያዘንብ እንድናይ ዓይናችንን ወደ ደረጃዎቹ መርቷል። በሱረቱ ሩም (30፡48) ነፋሶች ተልከው ደመናን እንደሚቀሰቅሱ፣ ደመናውም በሰማይ እንደሚዘረጋ፣ ከመካከሉም ጠብታው እንደሚወጣ ይገልጻል። በሱረቱ ኑር (24፡43) ደመናው ተነድቶ፣ ተገጣጥሞ፣ ተደራርቦ ከዚያ በኋላ ዝናብ እንደሚሆን ይናገራል። በሱረቱ ዙመር (39፡21) የወረደው ውሃ ወደ ምድር ውስጥ ገብቶ ምንጭ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ቀለሙ የተለያየ አዝመራም እንደሚበቅልበት ያመለክታል። በሱረቱ ጧሪቅ (86፡11) አላህ ስለሚማልባት ባለ መመለስ ሰማይ ብዙ ሙፈሲሮች ሲያብራሩ፣ «መመለስ» የተባለው እየተመላለሰ የሚመጣው ዝናብ ነው ብለዋል። እንግዲህ ምክንያቶቹን የጠቀሰልን ራሱ የምክንያቶቹ ባለቤት ከሆነ፣ ልጃችን ምክንያቶቹን ማጥናቱ ከአላህ የሚያርቀው በምን ሒሳብ ነው?

በዚህ ነጥብ ላይ ከሱና ታላቅ ትምህርት አለን። በሑደይቢያ አንድ ሌሊት ዝናብ ዘንቦ አደረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሱብሕን ሰላት ካሰገዱ በኋላ፣ ዝናቡ በአላህ ችሮታና እዝነት ነው የዘነበልን ያለ ሰው በአላህ አምኖ እንዳደረ፣ በእገሌ ኮከብ ነው የዘነበልን ያለ ግን በአላህ ክዶ በኮከብ አምኖ እንዳደረ ከአላህ የመጣላቸውን ቃል ለሶሓቦቻቸው አስተላለፉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለማዎች ይህንን ሲያብራሩ፣ የተወገዘው ኮከቡን አዝናቢ ማድረግ እንጂ የዝናብን ወቅት በምልክት ማወቅ እንዳልሆነ ገልጸዋል። ገበሬው «ሰኔ ሲገባ ዝናብ ይመጣል» ማለቱ ሺርክ አይደለም፤ ሰኔን ማምለኩ ነው ሺርክ። እንዲሁም ልጃችን «ውሃው ተንኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ደመና ሆኖ ዘነበ» ማለቱ ኩፍር አይደለም። ይህ የአላህ የአሠራር ሥርዓት መግለጫ ነው።

ልጆች አንዳንዴ «ታዲያ መላኢካው ሚካኢል (ዐ.ሰ.) ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁኛል። ዝናብ በእርሱ ኃላፊነት ሥር መሆኑን ዑለማዎች ያስተምራሉ። የመላኢካ ሥራ ከገይብ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራው በዓይን አናይም፣ በቴርሞሜትር አንለካም። ተን ግን ይለካል። በሚለካው ነገር ሳይንስን እንጠይቃለን፤ በማይታየው ወሕይን እንሰማለን። አንዱ የአንዱን ቦታ አይቀማም። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ነግሬው ገብቶታል፤ ለትልቅ ሰው የማይገባበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችን ወገንም አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። አንዳንድ ዱዓቶቻችን በጉጉት ተነሳስተው ቁርኣንን የሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ለማድረግ ይሞክራሉ። ቁርኣን የሒዳያ መጽሐፍ ነው። ስለ ደመና የሚናገረው እንድናስተነትን፣ እንድናመሰግንና ትንሣኤን እንድናስታውስ ነው። ልኬቱንና ስሌቱን በጥረታችን እንድንደርስበት ለእኛ ትቶልናል። ሙስሊሞችም ይህን አደራ ተቀብለው ሠርተዋል። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግድም የሒሳብ ሊቁ አል-ከረጂ የተሰወሩ ውሃዎችን ስለ ማውጣት አንድ መጽሐፍ ጽፏል። የከርሰ ምድር ውሃ ከዝናብና ከበረዶ እንደሚመጣ፣ ጉድጓድና የመሬት ውስጥ ቦይ እንዴት እንደሚቆፈር አስረድቷል። በአውሮፓ ደግሞ ለብዙ ዘመን «ዝናብ ወንዞችን ለመሙላት አይበቃም» የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። በ1674 እ.ኤ.አ. ፒየር ፔሮ የተባለ ፈረንሳዊ የሴን ወንዝን የላይኛ ተፋሰስ ለክቶ፣ ዝናቡ ወንዙ ከሚያፈሰው ስድስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ክርክሩ በጩኸት አልተፈታም፤ በልኬት ነው የተፈታው። ልጆቻችንም መለካትን ይማሩ።

እንዴት አድርገን እናስተምር? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

አንድ ድስት ውሃ ላይ ብዙ ጨው ጨምሬ ልጆቹን አስቀምሳቸዋለሁ፤ ፊታቸውን አጨማደው ይተፉታል። ከዚያ ውሃውን አፍልቼ፣ ቀዝቃዛ ክዳን ከላይ ይዤ፣ በክዳኑ ሥር የተጠራቀመውን ጠብታ በንጹሕ ማንኪያ እየተቀበልኩ አቀምሳቸዋለሁ። ጨው የለውም! ክፍሉ በጫጫታ ይሞላል። «ጨዉ የት ሄደ?» ስል ራሳቸው ወደ ድስቱ ያመለክታሉ። ባሕርም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ስታሞቀው ውሃው ብቻ ይነሳል፣ ጨዉ ይቀራል። ከዚህ በኋላ በሱረቱል ዋቂዓ (56፡68-70) አላህ ስለምንጠጣው ውሃ ጠይቆን፣ ቢሻ ኖሮ ጨውና መራራ ሊያደርገው ይችል እንደ ነበር ያስታወሰንንና ለምን አታመሰግኑም ያለንን ቦታ እነግራቸዋለሁ። አንቀጹን ቀድሞ በቃሉ የያዘ ልጅ እንኳ በዚያች ሰዓት አዲስ እንደ ሰማው ሆኖ ያደምጣል። ምላሱ ላይ የጨው ጣዕም ገና አለና።

ልጆች ብዙውን ጊዜ ሰማይ ላይ ትልቅ የውሃ ጋን ያለ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ ወቅት በምድር ዙሪያ አየር ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ተጠቃሎ ቢወርድ ምድርን የሚሸፍነው ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በዓመት ከ1 ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። እንግዲህ ሰማይ ጎተራ ሳይሆን መተላለፊያ ነው። ተኑ በአማካይ ዘጠኝና አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ይወርዳል፣ ሌላው ይተካል። የክረምታችን ዝናብ እርጥበቱን ከሕንድ ውቅያኖስ፣ እንዲሁም ከምዕራብ በኩል ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደኖች እየተሸከመ ይመጣል። በሱረቱል ሒጅር (15፡22) የውሃው አከማቾች እኛ እንዳልሆንን የተነገረን በከንቱ አይደለም።

ከዚያ ወደ ልኬቱ እመጣለሁ። ባለ 20 ሊትር 100 ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው ዓይናችሁ ላይ ይታዩ። የምድር ውሃ ሁሉ ይህ ነው እንበል። 97 ያህሉ ጨዋማ የባሕር ውሃ ነው። ከቀሩት ሦስቱ አብዛኛው በዋልታዎችና በተራሮች ላይ የረጋ በረዶና በመሬት ውስጥ ያለ ውሃ ነው። በወንዞችና ጨው በሌላቸው ሐይቆች የሚገኘው ሁሉ ሲደመር አንዲት ብርጭቆ አይሞላም። በሱረቱል ሙእሚኑን (23፡18) ውሃ በልክ መውረዱ፣ በምድርም ላይ እንዲቀመጥ መደረጉ፣ አላህም ሊወስደው ቻይ መሆኑ ተነግሯል። ይህን ያየ ልጅ ቧንቧ ከፍቶ ሲጫወት እጁ ይያዛል።

ወንድሞችና እህቶች! የትምህርቱ ፍሬ ግን ሥዕሉን መሳል አይደለም። ጠብታዋን ተከትሎ መሄድ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ እንከተላት። በእንጦጦ ላይ የወረደች ጠብታ በአዲስ አበባ መሐል አልፋ ወደ አቃቂ ወንዝ ትገባለች። በመንገዷ የፋብሪካውን ፍሳሽ፣ የቆሻሻ ቱቦውን፣ እኛ «ወንዝ ይውሰደው» ብለን የጣልነውን ፌስታል ሁሉ ትሸከማለች። ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ትቀላቀላለች። ቆቃን፣ ወንጂን፣ መተሐራን አልፋ፣ ገዋኔንና ዱብቲን ተሻግራ አሳይታ ትደርሳለች። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ውሃው ከዚያ የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ሰማይ መትነን ነው። ውሃው ይተንናል፤ እኛ የጨመርንበት መርዝ ግን እንደ ድስቱ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። የሚቀረው የት ነው? በአፋር ወንድሞቻችን ማሳና የከብት ማጠጫ ላይ ነው። ከእኛ መካከል እዚህ ውዱእ አድርጎ «ንጹሕ ነኝ» ብሎ ወደ ሰላት የሚገባ ሰው ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ሲለቅ፣ እዚያ ታች በዚያው ወንዝ ውዱእ የሚያደርግ ወንድም እንዳለው ያስባልን?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት ስፍራ መጸዳዳትን እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። ሙስሊሞች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። የውሃን ዑደት የተማረ ልጅ የእነዚህን ሐዲሶች ጥበብ ከእኛ ፈጥኖ ይረዳል። ምክንያቱም ውሃ «ሄደ» የሚባልበት ቦታ እንደሌለ ያውቃል።

የራሳችንን ቤትም እንይ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ ደግሞ ገላቸውን ይታጠቡ እንደ ነበር አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። በመድረሳችን አንዱን ልጅ አንድ ሊትር በሚይዝ ፕላስቲክ፣ ሌላውን ቧንቧ ከፍቶ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ ውዱእ እንዲያደርጉ አደረግኋቸው። የመጀመሪያው ጨርሶ ትንሽ ውሃ ተረፈው። የሁለተኛው ባልዲ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ምንም አልተናገርኩም፤ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብዙ የከተማችን ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ እየጠበቁ፣ በመስጊዶቻችን የውዱእ ስፍራ ግን ቧንቧው እየፈሰሰ ጫማ የሚፈታው፣ ከጓደኛው ጋር ወግ የሚይዘው ስንቱ ነው?

«ውሃ የሚዞር ከሆነ አያልቅም፤ ታዲያ ማባከን ምን ችግር አለው?» የሚል ብልጥ ተማሪ አይጠፋም። ዙሩ አይቋረጥም፤ ግን በፈለግነው ቦታና ጊዜ አይመለስም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሶማሌ ክልልና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው ስንት ከብት እንዳለቀ፣ ስንት ቤተሰብ እንደ ተፈናቀለ አይተናል። ያኔም ውሃው ከምድር አልጠፋም፤ ሌላ ቦታ ነበር የወረደው። ባለሙያዎች የፓስፊክንና የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት እየለኩ ምክንያቱን ያስረዳሉ። እኛም ሰላተል ኢስቲስቃእ እንሰግዳለን። ሁለቱ አይጣሉም። እናታችን ሃጀር በአላህ እየተማመነች በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ አልተመላለሰችምን? ጉልበቷ ሰበብ ነበር፤ ልቧ ከጌታዋ ጋር ነበር። ዛሬ የዘምዘም ጉድጓድ ራሱ፣ ያ የተባረከ ውሃ፣ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ያለውና የመካ ሸለቆ ዝናብ የሚተካው ጉድጓድ ነው። የሳውዲ የጂኦሎጂ ባለሙያዎችም ከፍታውንና የሚቀዳውን መጠን በመሣሪያ ይከታተላሉ። በረካ መኖሩ ከመጠበቅ አያሰንፍም።

የመጨረሻው ትምህርት ከሁሉ የከበደው ነው። አንዲት ተማሪ፣ አያቷ በሞቱ ሰሞን፣ የውሃውን ሥዕል ስታይ ቆይታ «ኡስታዝ፣ ውሃ ከጠፋ በኋላ ይመለሳል፤ ሰው ግን ለምን አይመለስም?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሱረቱል አዕራፍንም (7፡57) ሱረቱ ፋጢርንም (35፡9) አስታወስኩ። ሁለቱም ነፋስን፣ ደመናን፣ የሞተችውን ምድርና መለምለሟን ከተናገሩ በኋላ የሚያርፉት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሙታንም እንዲሁ ይነሳሉ። «ይመለሳል እንጂ» አልኳት። «በበጋ የግቢያችን ሣር ሞቶ ነበር፤ አሁን ተመልከቺው። አላህ በየክረምቱ ይህን የሚያሳየን ያንን እንድናምን ነው» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና በሥዕሏ ላይ፣ በዝናቡ ሥር ሣር ሳለች። መምህሩ የዝናብን መንገድ ብቻ አስተምሮ ቢያቆም ኖሮ ይህችን ልጅ ምን ያጽናናት ነበር? እኔስ መንገዱን ሳላስተምር ትንሣኤን ብነግራት የምታመሳክርበትን ከየት ታመጣ ነበር?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ይህን ሥዕል ይዞ ሲመጣ አብራችሁት ተቀመጡ። «ይህን ያስተካከለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት እንጂ «አትመን» አትበሉት።

ሁለተኛ፣ የመድረሳ ኡስታዞቻችን ስለ ዝናብ የሚናገረውን አንቀጽ ሲያስቀሩ ልጆቹን ወደ ደጅ ያውጧቸው። ደመናውን ይዩ፣ በእርጥብ ልብስ ላይ የፀሐይን ሥራ ይዩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝናብ ሲዘንብ ከልብሳቸው ገለጥ አድርገው ጠብታው ገላቸውን እንዲነካ ያደርጉ እንደ ነበር ሙስሊም ዘግበዋል። ልጆቻችንን ግን ዝናብ ሲመጣ መስኮት ዘግተን «አንቀጹን ድገም» እንላቸዋለን።

ሦስተኛ፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይጠግኑ፤ የውዱእ ፍሳሹም ለአትክልት የሚውልበትን ዘዴ ይፈልጉ። ልጆች ከሚሰሙት ኹጥባ ይልቅ የሚያዩትን ቧንቧ ያምናሉ።

ዝናቡን ማን አዘነበው? አላህ። በምን? በፀሐይ፣ በባሕር፣ በነፋስና በደመና። ለምን? እንድንጠጣ፣ እንድናመሰግን፣ ለጎረቤታችንም እንድንተርፍ። ልጅ ሦስቱንም ጥያቄ አንድ ላይ ይዞ ካደገ፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን የሚጥልበት ምክንያት አይኖረውም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ያድለን፤ ልጆቻችንን ያስተካክልልን፤ ዝናባችንን የእዝነት እንጂ የጥፋት አያድርግብን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።